በልጇ ስም የመጣው መልእክት

አንዲት እናት ነበረች። አዋላጅ ነርስ ናት። ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ ፀጉሯ እስኪሸብት የሠራች ሴት። መንገድ ስታቋርጥ "ሲስተር! ሲስተር!" ብሎ የማይጠራት የለም። የከተማውን ግማሽ ሕዝብ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ የተቀበለችው በእጇ ነዋ!

ይህች ሴት አንድ ልጅ አላት፤ ናሆም ይባላል። መርከበኛ ነው። አስቡት እስቲ፣ ባሕር የሌላት አገር ልጅ መርከበኛ! በትልቅ የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። እናቱ ከባሕር ጋር የነበራት ትውውቅ ሁሉ ያ ጸጥ ያለ ሐይቅ ነው። ልጁ ከሄደ ወዲህ ግን ቴሌቪዥን ላይ ማዕበል ባየች ቁጥር ጣቢያ ትቀይራለች።

ታዲያ አንድ ጊዜ የልጁ ድምፅ ጠፋ። ስልኩ አይጠራም። በቴሌግራም የምትልክለት ሁሉ ሳይነበብ ይቀራል። የቀጠረውን ድርጅት ብትጠይቅ፣ "መርከቡ ማዕበል ገጥሞት ከመንገዱ ወጥቷል። ግንኙነት ስናገኝ እንነግርሻለን" አሏት።

እንነግርሻለን!

እናት የሆናችሁ፣ ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ? "እንነግርሻለን" የተባለ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚተኛ ታውቃላችሁ? እህል በጉሮሮው እንዴት እንደሚወርድ?

ሳምንት አለፈ። ሌላም ሳምንት አለፈ። ሲስተሯ ሥራዋን አላቋረጠችም። የሰው ልጅ ትቀበላለች፣ እትብት ትቆርጣለች፣ ሕፃኑን አቅፋ ለእናቱ ትሰጣለች፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ትላለች። ከዚያ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ትገባና ውሃውን ከፍታ ታለቅሳለች። ውሃውን የምትከፍተው ልቅሶዋ እንዳይሰማ ነው። ወላድ ባለችበት አይለቀስማ!

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የላቦራቶሪ ውጤት ለማየት ከክፍሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። የሆስፒታሉ ኢሜይል ውስጥ አንድ አጭር ማስታወቂያ ጠበቃት። እንዲህ ይላል፦ "ለእርስዎ የተላከ መልእክት ቫይረስ ስለተገኘበት እንዳይገባ ተይዟል።" ከሥሩ የላኪው ስም አለ።

የላኪው ስም ናሆም ነው። ከነአባቱ ስም።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ "ቫይረስ" የሚለውን ቃል ያየችው ይመስላችኋል? አላየችውም። ያየችው የልጇን ስም ብቻ ነው። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ የማዋለጃ ልብሷን እንደለበሰች፣ ደረጃውን ወርዳ በሩጫ ሄደች። ወዴት? ኮምፒውተሮቹን ወደሚቆጣጠረው ሰው ቢሮ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳችሁ። ኢሜይል ከላከው ሰው ተነሥቶ ቀጥታ እናንተ ዘንድ የሚመጣ ይመስላችኋል አይደል? አይደለም። መሃል ላይ ሰርቨር የሚሉት ማሽን አለ። ለሆስፒታሉ ሰው የሚላክ መልእክት ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ይቆማል። እዚያ የሚሠራ ፈታሽ ፕሮግራም አለ። መልእክቱን ይከፍታል፤ የተያያዘ ፋይል ካለ እሱንም ይከፍታል፤ ፋይሉ ውስጥ ሌላ ፋይል ከተደበቀ እሱንም ይፈታዋል። ጤነኛውን ያሳልፋል፤ መርዝ ያለበትን ይይዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ባለው ጊዜ ነው። ለዶክተሩም፣ ለዘበኛውም፣ ለሒሳብ ሹሙም እንዲሁ።

ይህን ሰርቨር የሚጠብቀው ምንተስኖት የሚባል ሰው ነው። ጠይም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ገና አባት የሆነ ሰው። ሲስተሯ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

"ልጄ ጽፎልኛል! ይዛችሁብኛል አሉ። ልቀቅልኝ!"

ምንተስኖት ደንግጦ ተነሣ። "ሲስተር፣ ይቀመጡ እስቲ። ምን ሆነው ነው?"

"አልቀመጥም! ናሆም ነው የጻፈው። በሕይወት አለ ማለት ነው። ልቀቅልኝ።"

ሰውየው ወደ ማሽኑ ዞረ። ፈለገ። አገኘው። ፊቱ ሲለወጥ አየችው።

"ሲስተር፣ መልእክቱ አለ። ግን ውስጡ የገባው ነገር ክፉ ነው። ፋይሉን ሲከፍቱት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚቆልፍ ቫይረስ ነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል።"

"የልጄ መልእክት ነው እያልኩህ!"

"የልጅዎ ስም ነው ያለበት። ፈታሹ ግን ስም አይቶ አያሳልፍም።"

"እሺ እኔ አሳልፈዋለሁ። የሚመጣው በኔ ላይ ይምጣ!"

"በእርስዎ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮማ" አላት ቀስ ብሎ። "የእናንተ ክፍልና የጨቅላ ሕፃናቱ ክፍል በአንድ መስመር ላይ ናቸው። የላቦራቶሪውም፣ የደም ባንኩም። አሁን ማሞቂያ ውስጥ ያሉት ሕፃናት ምን ያህል መድኃኒት እንደሚሰጣቸው የተጻፈው እዚያ ነው። የኔም ልጅ እዚያ ውስጥ ናት ሲስተር። እርስዎ ነዎት ያዋለዷት።"

ይህን ስትሰማ ዝም ያለች ይመስላችኋል? የተጨነቀች እናት ዝም አትልም፤ እንዲያውም ባሰባት።

"አንተ ጨካኝ! እናት የለህም? ልጄ ባሕር ውስጥ ይግባ መሬት ሳላውቅ ስንት ሌሊት አደርኩ! ድምፁን አስረህ ይዘህ ቁጭ ብለሃል! ከድንጋይ ነው እንዴ የተፈጠርከው?"

ሰውየው አልተቆጣም። ግን አልለቀቀላትምም።

እባካችሁ ይህችን ቦታ ልብ በሉ። እያለቀሰችም አልለቀቀላትም። እየሰደበችውም አልለቀቀላትም። ለመልቀቅ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቢጫነው ትመርቀዋለች፣ ግንባሩን ትስመዋለች። ባለመጫኑ ጨካኝ ተባለ። ሰደበችው እንጂ፣ ምን እንዳደረገላት መች አሰበች?

ምንተስኖት ትንሽ አሰበና፣ "ሲስተር፣ እንዲህ ዓይነት መልእክት ይጥፋ ነው የሚባለው። እኔ ግን አላጠፋውም። ትንሽ ይታገሡኝ" አለ። ከመደርደሪያው አንድ ያረጀ ላፕቶፕ አወረደ። ከየትኛውም መስመር ጋር እንዳይገናኝ ገመዱን ነቀለ፤ ዋይፋዩን ዘጋ። ከዚያ የተያዘውን ፋይል ብቻውን በፍላሽ ወደዚያ ላፕቶፕ ወሰደው። "ይህ ማሽን ቢበላሽ ይበላሽ፤ ከዚህ የትም አይሄድም" አለ።

በሩን ዘጋ። ፋይሉን ከፈተው።

ጽሑፍ ወጣ። ከጽሑፉ ሥር ፎቶ ወጣ። ጢሙ ያደገ፣ ጉንጩ የጎደለ፣ የሚስቅ ልጅ። ናሆም!

ሲስተሯ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ምንተስኖት ወንበር አቀረበላት። ማንበብ ጀመረች፤ ግን እንባዋ ስላላስቻላት ምንተስኖት አነበበላት።

"እማ፣ ደኅና ነኝ። ስልኬ ባሕር ውስጥ ገባ። የማንንም ቁጥር በቃሌ አላውቅም፤ የማውቀው ይህን ረጅም የሆስፒታል ኢሜይልሽንና የአጎቴን የትምህርት ቤት ኢሜይል ብቻ ነው። ማዕበሉ ሲመታን ሞተር ክፍል ውስጥ ነበርን። ከላይ ምን እንደሚሆን አናይም። ሞተሩ ብቻ እንዳይቆም ሌት ተቀን ለፋን። በመጨረሻ ቆመ። ሌላ መርከብ መጥቶ እስኪጎትተን ድረስ ውሃው እንደፈለገ ወሰደን። አሁን ወደብ ላይ የመርከበኞች ማረፊያ ውስጥ ነኝ። ኮምፒውተሩ የሁሉም ነው፤ ወረፋ ስላለ አሳጥሬ ነው የምጽፍልሽ። አታልቅሺ እሺ? እማ፣ አታልቅሺ።"

ይኸው ነው። የሁሉም በሆነ ኮምፒውተር ላይ ጻፈ፤ በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው ክፉ ነገር በልጁ ቃል ላይ ተለጥፎ መጣ። ልጁ አያውቅም። ናፍቆቱ እውነት ነው፤ ፎቶው እውነት ነው፤ "አታልቅሺ" ያለው እውነት ነው። መርዙም እውነት ነው። በአንድ ላይ መጡ።

ሲስተሯ የልጇን ፎቶ ከላፕቶፑ ላይ በጣቷ ነካችው። ተነሥታ ምንተስኖትን ትከሻውን ሳመችው። "ይቅር በለኝ ልጄ" አለችው። እሱም "ኧረ ሲስተር!" ብሎ አቀረቀረ። ላፕቶፑን ዘጋና ውስጡን ሙሉ በሙሉ አጠፋው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንኳ ደግ ነበር። ግን አላለቀም።

ሰኞ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። የናሆም አጎት ናቸው፤ ጋሽ ደምሰው። በሌላ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው። ገና "ሃሎ" ስትል፣ "እንኳን ደስ ያለሽ እኅቴ! ናሆም ለኔም ጽፎልኛል። አሁን ቢሮ ገብቼ ነው ያየሁት" አሏት። እሷም በደስታ "አውቃለሁ ወንድም ዓለም፣ አውቃለሁ!" አለች። ከዚያ የጋሽ ደምሰው ድምፅ ተሰበረ።

"ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም። ፋይሉን ከፍቼ የልጁን ፎቶ እያየሁ እያለ ኮምፒውተሩ ጠቆረ። ከዚያ የጸሐፊዋ። ከዚያ የመዝገብ ቤቱ። ሁሉም ተቆለፈ። የልጆቹ ውጤት፣ የዘንድሮ ተፈታኞች መረጃ... ምንም የለም። መምህራኑ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ።"

ያው መልእክት ነው። ያው ልጅ፣ ያው ፎቶ፣ ያው "አታልቅሺ"። እዚያ ትምህርት ቤት ግን መሃል ላይ የሚፈትሽ አልነበረም።

ሲስተሯ ስልኩን ዘጋች። ወደ ጨቅላ ሕፃናቱ ክፍል ገባች። አንዷ ነርስ ኮምፒውተሩን እያየች መድኃኒት ትለካለች። ማሞቂያዎቹ በየቦታቸው ናቸው። ውስጣቸው ከመዳፍ የማይበልጡ ሕፃናት ይተነፍሳሉ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። አንዲት እናት በመስተዋቱ በኩል ጣቷን አስጠግታ ልጇን ታያለች። ሁሉም ሰላም ነው። ሁሉም እንደ ትናንቱ ነው።

ዓርብ ዕለት ምን እንደጠየቀች የገባት ያን ጊዜ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያንን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ነርሷ አታውቅም። እናቲቱ አታውቅም። ሕፃናቱማ ምን ያውቃሉ? ይተነፍሳሉ እንጂ።

ወደ ምንተስኖት ቢሮ ወረደች። አሁን ግን አንኳኳች።

"ልጄ፣ አንድ ነገር አሳየኝ። እንደሱ ያለ መልእክት ሌላም ይመጣል?"

ምንተስኖት አንዱን ስክሪን ወደ እሷ አዞረ። መስመሮች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። "ይህ አሁን የሚሆነው ነው" አላት። "እያንዳንዱ መስመር አንድ መልእክት ነው። ይህ አለፈ። ይህም አለፈ። ይቺ ለዶክተር የመጣች ናት፤ ጤነኛ ናት። ይኸውልዎ፣ ይህ ቆመ። ለመድኃኒት ቤቱ ነበር የመጣው። በባንክ ስም ነው የመጣው።"

እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። መስመሮቹ ይወጣሉ፣ ይወጣሉ። አንዱ አይዘለልም። ውጭ ሰው ይሳሳቃል፤ አምቡላንስ ይገባል፤ ጽዳቶች ኮሪደር ይወለውላሉ። እዚህ ማሽኑ ይሠራል። ከላይ ሰው ምሳ ሲበላም ይሠራል። በበዓል ቀንም ይሠራል።

"ለኔ የተላከ ነበረ? ከናሆም ሌላ?"

"ብዙ ጊዜ፣ ሲስተር።"

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?"

ሰውየው ግራ ገባው። አያችሁ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ከስክሪኑ ዞር ብሎ መለሰላት፦

"ምኑን ልንገራችሁ ሲስተር? ያልደረሰባችሁን?"

ሲስተሯ ራሷ ላይ ያደረገችውን ሻሽ አስተካክላ፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው እጇን አጣምራ፣ ስክሪኑ ፊት ቆመች።

ወገኖቼ!

ምኑን ይንገረን? ያልደረሰብንን?

እናንተ በሕይወታችሁ የሆነውን ታውቃላችሁ። የታመማችሁበትን ዓመት ታውቃላችሁ። ያዘናችሁበትን ወር ታስታውሳላችሁ። የተነፈጋችሁትን፣ የተቀማችሁትን በጣት ትቆጥራላችሁ። ያልሆነውን ግን ማን ቆጠረው? እናንተ ጫማችሁን ለማሰር ስታጎነብሱ ያለፈው ምን ነበር? ታክሲ አምልጧችሁ ስትነጫነጩ፣ በዚያ ታክሲ ውስጥ ያልተቀመጣችሁት ለምንድን ነው? ልጃችሁ ተኝቶ ሳለ ወደ ሰውነቱ ገብቶ፣ ሳያስለው ሳያተኩሰው ተሸንፎ የወጣው በሽታ ስሙ ማን ይባላል? ታውቁታላችሁ? እኔም አላውቀውም።

አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ወደዚህ የመጣችሁት ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልታችሁ ነው። አንድ ነገር ለምናችሁ ነበር። ክፉ ነገር አልለመናችሁም። ትዳር ነው የለመናችሁት። ሥራ ነው። ወደ ውጭ መሄድ ነው። በላዩ ላይ የምትወዱት ስም ተጽፎበታል። "ይህ የኔ ነው፤ ልቀቅልኝ!" ብላችሁ በሩን ሳታንኳኩ ገብታችሁ ጮኻችኋል። አልለቀቀላችሁም። "አባት አይደለህም እንዴ? ከድንጋይ ነህ እንዴ?" አላችሁት።

እሱም አልተቆጣም። አልለቀቀላችሁምም።

እናንተ ስሙን አያችሁ፤ እሱ ውስጡን አየ። እናንተ ለራሳችሁ ጠየቃችሁ፤ እሱ በአንድ መስመር ከእናንተ ጋር የታሰሩትን ሁሉ አየ፤ ማሞቂያ ውስጥ ያሉትን፣ ምንም የማያውቁትን። እናንተ "በኔ ላይ ይምጣ" አላችሁ። በአንድ ሰው ላይ ብቻ መጥቶ የሚቀር ነገር መቼ አለ? አባት ሲሰክር ጠርሙሱን የያዘው እሱ ብቻ ነው፤ ጦማቸውን የሚያድሩት ግን ስንት ናቸው?

አሁን አንዲት እኅት ከኋላ ተቀምጣ፣ "መምህር፣ እኔ ላይ የደረሰውስ?" እንደምትል አውቃለሁ። ልጅሽን የቀበርሽ። ያ መልእክት ያለፈብሽ፣ ማንም ያልያዘልሽ። ለአንቺ የምለው ምንድን ነው?

መልስ የለኝም። መልስ አለኝ የሚልሽ ሰባኪ ቢመጣም አትመኚው። እግዚአብሔርን ማሽን አድርጌ አልነግርሽም፤ ማሽን አያለቅስም። የጋሽ ደምሰውን ሐዘን ያየ ሰው ቀላል ቃል አይናገርም። አንድ ነገር ብቻ ፍቀጂልኝ፦ በአንቺ ላይ የደረሰውን እሱ ያውቃል፤ ያልደረሰብሽንም እሱ ያውቃል። እኛ የምናውቀው ግማሹን ነው። በግማሽ ዕውቀት አንክሰሰው። እንባሽን ይዘሽ፣ ሰድበሽውም ቢሆን፣ በሩ ውስጥ ቆዪ። ምንተስኖት ሲስተሯን አላስወጣትም። የልጇንም ቃል ከመርዙ መሃል ለይቶ አነበበላት እንጂ አላጠፋባትም። ከሐዘንሽ ውስጥ ለአንቺ የተላከ ቃል ካለ፣ እሱ ለይቶ ያነብልሻል።

እንግዲህ ተነሡ። ሁላችሁም ተነሡ።

ሁልጊዜ ስናመሰግን ስለ ሰጠን እናመሰግናለን። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ። ደግ ነው። ዛሬ ግን እሱን ተዉት። ዛሬ ስለማታውቁት አመስግኑት። ወደ እናንተ ሲመጣ መንገድ ላይ ስለቀረው። በምትወዱት ሰው ስም መጥቶ ስለተያዘው። እናንተ ስትስቁ፣ ስትበሉ፣ ስትተኙ፣ እሱን ረስታችሁ ሳላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ስለተመለሰው ሁሉ። ቃል ካጣችሁ ዝም በሉ፤ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ለዚህ የሚሆን ቃል እኔም የለኝም።

ሳይነግረን የጠበቀን፣ ሳናውቀው ይመስገን።